በሥራ ላይ ላለ የኃይል መሐንዲስ የሁለት ዓመት ማስተርስ ወይስ አራት ኮርስ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ስድስቱን ያሳለፍኩት በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር ባለ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ለሠራተኛ የኃይል መሐንዲስ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ፣ ከማስተርስ በታች የሆነ፣ አራት ኮርስ ብቻ ያለው የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት ለምን አይኖረንም?

ነገሩን ያነሳሳብኝ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ዛፍ ወደቀበት። መውደቅ፣ ማለትም ኃይሉን መቁረጥ፣ የነበረበት የዚያ መስመር ብሬከር (ማቋረጫ) ብቻ ነበር። ዋናው የትራንስፎርመር ብሬከር አብሮት ወደቀና ሌሎቹም መስመሮች ጠፉ፤ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ጨለመ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ለምን አብረው እንደወደቁ ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

ምክንያቱን የደረስኩበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጭነት ስለጨመረ የዚያ መስመር ከረንት ትራንስፎርመር (የመስመሩን ከረንት አሳንሶ ለሪሌዩ የሚያሳየው) ከወራት በፊት ከ200/5 ወደ 400/5፣ ማለትም 200 አምፔርን ወደ 5 ከሚያሳንስ 400ን ወደ 5 ወደሚያሳንስ ተቀይሮ ነበር፤ የሪሌዩን፣ ብሬከሩን ቁረጥ ብሎ የሚያዘውን መሣሪያ፣ ሴቲንግ ግን ማንም አልነካውም። ወደ 2000 አምፔር የሚጠጋ ፎልት (የብልሽት ከረንት) ሲመጣ ሪሌዩ ቀድሞ 50 አምፔር ያይ የነበረው አሁን 25 ብቻ አየ። መነሻው (ሪሌዩ ጊዜ መቁጠር የሚጀምርበት ከረንት) 5 አምፔር ስለሆነ የመነሻው 10 እጥፍ የነበረው 5 እጥፍ ሆነ። ከረንት በበዛ ቁጥር መቁረጫ ጊዜው እንዲያጥር በሚያደርገው የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ) መደበኛ ኩርባ፣ የጊዜ ማባዣው 0.1 ላይ ሆኖ ሲሰላ፣ በ0.3 ሰከንድ የሚቆርጠው ወደ 0.43 ዘገየ። ዋናው ብሬከር የተቀመጠው 0.6 ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው 0.3 ሰከንድ ወደ 0.17 ወረደ ማለት ነው፤ ለአሮጌ ብሬከርና ለአሮጌ ሪሌይ ይህ አይበቃም።

የግማሽ ሰዓት ሒሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ግን የተማርኩት ሪሌይ በእጄ ነክቼ ሳላውቅ ነበር። ዛሬ፣ ችግሩን በዓይኔ ካየሁ በኋላ፣ ያ ኮርስ ቢደገምልኝ ሌላ ሰው ሆኜ እወጣ ነበር። ማስተርስ ለመጀመር አስቤ ነበር፤ ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው፣ ከዚህ ተነሥቼ አምስት ኪሎ ካለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስደርስ ክፍለ ጊዜው ግማሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቴሲስ አለ። እኔ ተመራማሪ መሆን አልፈልግም፤ ጣቢያዬን በቅጡ ማወቅ ነው የምፈልገው።

በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኛ መሐንዲስ የሚሰጡት የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኮርስ፣ ከ12 እስከ 15 ክሬዲት ነው፤ በኋላ ማስተርስ ለሚቀጥል ሰው ክሬዲቱ የሚያዝበት ቦታ ብዙ ነው። አውስትራሊያ በብሔራዊ የትምህርት ማዕቀፏ ደረጃ 8 ላይ አስቀምጣዋለች፣ ማስተርስ ደረጃ 9 ነው። ለእኛ የምመርጣቸው አራቱ እነዚህ ናቸው፦ ፕሮቴክሽን (የመስመርና የመሣሪያ ጥበቃ)፣ የሲስተም አናሊሲስ፣ ዲስትሪቢዩሽን (ሥርጭት)፣ የሰብስቴሽን (የማከፋፈያ ጣቢያ) አውቶሜሽን። በአናሊሲሱ ውስጥ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ፎርተስኪው በ1918 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሲሜትሪካል ኮምፖነንት ዘዴ (ሚዛኑ የተዛባን ሦስት ፌዝ ሚዛናዊ ወደሆኑ ክፍሎች ከፍሎ ማስያ) በደንብ ይግባበት። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ፣ ከተቻለም በዚህ በኩል ቢሰጥ፤ ቂሊንጦ ላይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም የምንሠራ ሁሉ ልንደርስበት እንችላለን። ምን ትላላችሁ?

(ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረክ ውይይት፣ በአራት ቀን ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀል መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያለሁ።)

መልስ 1። ከሰበታ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን ከልቡ ደግፎ፣ እሱም ከሥራ ሲወጣ አምስት ኪሎ ለመድረስ ሞክሮ በሁለተኛው ወር እንዳቋረጠ ነገረን። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ለደረጃ ዕድገት ይያዛል ወይ?

መልስ 2። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የደረሰው በሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። የሥራ መደብ መዘርዝሩ የሚያውቀው ዲግሪና ማስተርስን ብቻ እንደሆነ፣ በመካከል የሚገባ ወረቀት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቀር ገለጸ። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንባችኋል ሲል ደመደመ። ደስ የሚል መልስ ባይሆንም እውነት ነው፤ እኔ ስጽፍ ትምህርቱን እንጂ መደቡን አላሰብኩም ነበር።

መልስ 3። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው፣ በክሩ ውስጥ ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። በመጀመሪያ በትሕትና አረሙኝ፤ ፎርተስኪው የሠራው ለዌስቲንግሃውስ ነው፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ አይደለም። ልክ ናቸው፣ አመሰግናለሁ። ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ አወሩን። ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው፣ 43.2 ሜጋ ዋት ያለው የቆቃ የውሃ ኃይል ማመንጫ ላይ በወጣትነታቸው ቴክኒሺያን ነበሩ። ያኔ ሪሌይ ማለት በመስታወት ውስጥ የሚዞር ዲስክ ነበር፤ ከረንት ሲበዛ ዲስኩ ይፈጥናል፣ የተወሰነለትን ያህል ሲዞር ብሬከሩን ይጥላል። እሳቸው ከአለቃቸው ጋር በሰዓት መቁጠሪያ እየለኩ ተማሩት። የዘመኑ ልጅ በስክሪን ላይ ቁጥር ብቻ ስለሚያይ ከበስተጀርባው ያለው የጊዜ እሽቅድምድም እንደሚሰወርበት ያምናሉ። ለእሳቸው ዘመን ሰርተፊኬት አላስፈለገም፣ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ አሁን ግን እነዚያ እጆች ጡረታ ወጥተዋል ብለው አዘኑ። በአሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ናሽናል ቴክኖሎጂካል ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተመሥርቶ ለሠራተኛ መሐንዲሶች በየመሥሪያ ቤታቸው በሳተላይት ያስተምር እንደነበርም አስታወሱን። የመንገድ መጨናነቅን ሰበብ ላደረግነው ለእኔና ለሰበታው ልጅ ይህ መልስ ነበር።

መልስ 4። በቅርቡ የተመረቀች ልጅ ነች። ነገሩ እንደ ሲኦሲ ያለ የብቃት ምዘና ነው ወይ ስትል ጠየቀች።

መልስ 5። አንዱ ተነሥቶ፣ ሲኦሲ የቴክኒክና ሙያ እንደሆነና መሐንዲስ ነኝ ባይ ይህን ሊያውቅ እንደሚገባ በቁጣ መለሰላት። ይዘቱ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን አልነበረም። ጠያቂን እንዲህ ካስደነገጥን የሚጠይቅ አይኖርም። ልጅቷ ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን አልጻፈችም።

መልስ 6። ክሩን ያጋለው ይህ ነው። ጸሐፊው ብዙ ዓመት በጥገና የሠራ መሐንዲስ ይመስለኛል። የእኔ ምሽት ስለ ትምህርት ምንም እንደማይናገር በጠንካራ ቃል ጻፈ። ከረንት ትራንስፎርመር ሲቀየር የሥራ ትዕዛዝ መኖር፣ በትዕዛዙም ላይ ሴቲንግ ይከለስ የሚል መስመር መፈረም ነበረበት፤ ይህ የአሠራር ጉድለት ነው፣ አራት ኮርስ ቀርቶ አርባ ኮርስ አያድነውም። ሁሉን ነገር ትምህርት ቤት ላይ መጣል የእኛ ትውልድ በሽታ ነው ብሎም ጨመረ። አንብቤ ተናደድኩ፣ ደግሜ ሳነብ ግን ግማሹን ተቀበልኩ።

መልስ 7። ለእሱ የመለሰችለት በፕሮቴክሽን ክፍል የምትሠራ እህታችን ናት፤ ክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ቅጹ አለ፣ መስመሩም አለ፤ በመስመሩ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር የሚያሰላ ነው የጠፋው። እሷ ራሷ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሌላ ጣቢያ የተገኘን ሴቲንግ እየገለበጠች ትፈርም እንደነበር ሳትሸሽግ ተናገረች። አሠራር የሚቆመው በሚያሰላ ሰው ላይ ስለሆነ 6ኛው የለያያቸው ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ባይ ናት።

ከዚያ በነሐሴ 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ የደረሰውን፣ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ያጨለመውን መብራት መጥፋት አነሳች። በኦሃዮ መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ ሲወድቁ ጭነቱ ወደቀሩት ዞረ። ሳሚስ-ስታር የሚባለው የ345 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ግን ፎልት አልነበረም። የርቀት ሪሌይ የሚሠራው ቮልቴጅን ለከረንት አካፍሎ ነው፤ ውጤቱ ካነሰ ፎልት አለ ብሎ ይወስናል። ያን ቀን ከረንቱ ስለበዛ፣ ቮልቴጁም ስለወረደ ውጤቱ አንሶ በዞን 3 ክልል (ሪሌዩ ከራሱ መስመር አልፎ ለመጠባበቂያ በሚያየው ሩቅ ክልል) ገባና ሪሌዩ ጤነኛውን መስመር ቆረጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መግታት አልተቻለም። ሪሌዩ አልተበላሸም፣ የተነገረውን ነው የፈጸመው። ዞን 3ን ምን ያህል ልዘርጋው የሚለው ውሳኔ በኮርስ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰዓት ውይይት ነው፣ በፍርግርጉ (በኃይል መረቡ) ላይ ግን ግዛቶችን ያጨልማል። ይህን ታሪክ ያወቀችው አንድ የውጭ ባለሙያ ለሥልጠና መጥቶ በሻይ ሰዓት ስላወራው እንጂ በመደበኛ ትምህርት እንዳልነበር ነገረችን። የእሷ ጣቢያ ዲጂታል ሪሌዮች የእያንዳንዱን ፎልት ሞገድ እንደሚመዘግቡ፣ እሷ እስክትጀምር ድረስ ግን የከፈታቸው እንዳልነበረም ጨመረች።

መልስ 8። ከለቡ በኩል የጻፈ፣ የባቡር ኃይል መሐንዲስ ነው። ከሰበታ ጅቡቲ የሚዘልቀው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ የሚሠራው በ25 ኪሎ ቮልት፣ በአንድ ፌዝ ነው። ሦስት ፌዝ ካለው ፍርግርግ ለአንድ ፌዝ ጭነት ሲቀዳ ሚዛኑ ይዛባል፤ ለዚህም ነው ተከታታይ ክፍሎችን ከተለያዩ ፌዞች የሚመግቧቸው። ባቡሮቹ ግን በአንድ ጊዜ እኩል ስለማይሄዱ ሚዛኑ በእርግጥ አይስተካከልም። የሚቀረው ኔጌቲቭ ሲኩዌንስ ከረንት፣ በፎርተስኪው ዘዴ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው ክፍል፣ በሞተርና በጄኔሬተር ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር መስክ እየፈጠረ ያሞቃቸዋል። መነሻ ጽሑፉ ላይ ፎርተስኪውን ሳይ ደስ አለኝ፣ በየቀኑ የማገኘው እሱን ነውና አለን። ይሁንና በእኔ አራት ኮርሶች ላይ ቅሬታ አለው፤ ለባቡር፣ ለፋብሪካና ለማከፋፈያ ጣቢያ ሰው አንድ ዓይነት አራት ኮርስ አይሆንም፣ ሁለቱ የጋራ ይሁኑ፣ ሁለቱን እያንዳንዱ ይምረጥ። ተቀብያለሁ።

መልስ 9 እስከ 12 ከርዕሱ ወጡ። አንዱ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ስላለው የታክሲ ሰልፍ አማረረ፣ ሌላው ደገፈው። 11ኛው ግን በወሬ መሀል ቁም ነገር ጣለ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ለበዓል ዋዜማ ትራንስፎርመር ለምን እንደሚቃጠል በምጣድ አሰላልን፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢወስድ፣ 90 ቤት እኩል ቢጋግር 315 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ባለ 315 ኬቪኤ (ለምጣድ ከኪሎ ዋት ጋር እኩል የሚሆን የአቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር በምጣድ ብቻ ሞላ፣ አምፖልና ፍሪጅ ገና አልተቆጠረም። 12ኛው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በየግቢው ማታ ማታ የሚሰካው መኪና በዚህ ላይ እንደሚደመር አስታወሰ። ዲስትሪቢዩሽን የሚለውን ኮርስ ለምን እንደመረጥኩ ከእኔ የተሻለ ያስረዱት እነሱ ናቸው።

መልስ 13። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ የት እንደሚያስተምር አልገለጸም። በእርጋታ ሁለት እንቅፋት አስቀመጠ። አንደኛው ቤተ ሙከራ ነው፤ ሪሌይ መፈተሻ መሣሪያ ውድ ስለሆነ ያለዚያ ኮርሱ ተመልሶ የጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ይሆናል። ሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ በክፍሉ፣ በኮሌጁ፣ በሴኔቱ ማለፍ ስላለበት የሚወስደው ጊዜ ነው። በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ መካከል ቦታ የለም የሚለውን ግን አልተቀበለም። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ እዚያው መካከል የተቀመጠ ነው፤ መምህር ከተፈቀደለት መሐንዲስ የማይፈቀድለት ምክንያት የለም። 2ኛው መልስ ሰጪ ይህን አይቶ፣ ያ ዲፕሎማ ለመምህርነት መደብ ስለሚጠየቅ ነው የቆመው፣ እናንተም መጀመሪያ ቀጣሪውን አሳምኑ ብሎ በአንድ መስመር መለሰ፤ ይህ መልስ 14 ሆኖ ተመዝግቧል።

መልስ 15። የመረረው ነው። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለኦንላይን ሰርተፊኬት ተቀባይነት አግኝቶ፣ የክፍያው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ዶላር ፍለጋ ሲንከራተት ዕድሉ አመለጠው። በዚህ አገር ማንም ለመሐንዲስ ግድ የለውም፣ ክሩም እንደ ሌሎቹ ተወርቶ ይቀራል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብሎ ዘጋ። አልፈረድኩበትም። እንዲህ ያለ ሰው በመንገዱ ከተሰናከለ የሚከፋው ለትምህርቱ ስለሳሳ ነው።

መልስ 16 የተማረ ሁሉ ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄድ ቀጣሪዎች ባያስተምሩ አይፈረድባቸውም የሚል ነበር፤ መልስ 17 ላይ ጋሼ ተመለሱበት። በዚህ ክር ውስጥ እሳቸው ድምፃቸውን ያጠነከሩት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ካሳደጓቸው ልጆች ሁለቱ ዛሬ ባሕር ማዶ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ሌሊት ዲፈረንሻል ሪሌይ (የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚያነጻጽረው) ትራንስፎርመር በተሰካ ቁጥር እየቆረጠ ሲያስቸግራቸው የደወሉት ለአንዱ ነው። ያ ልጅ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ሲሰካ ለአፍታ የሚገባውን ከፍተኛ ከረንት ከፎልት የሚለየው የሁለተኛ ሃርሞኒክ መከልከያ መዘጋቱን በስልክ አስፈተሻቸው። ተዘግቶ ነበር። የሄደ ልጅ ጠፋ አይባልም፣ ስልኩን የሚያነሳ እስካለ ድረስ ብለው ጻፉ።

መልስ 18። 6ኛው ሰው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ቁጣ የለውም፣ ጥያቄ ነው የያዘው። ሒሳቤን ቁጭ ብሎ ሠርቶት ልክ ሆኖ አገኘው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ጊዜ የማይጠብቅ፣ ወዲያው የሚቆርጥ ክፍልም አብሮ ይቀመጣል፣ እሱ ስንት ላይ ነበር? 2000 አምፔር ሲያይ ለምን ዝም አለ?

መልስ 19 የእኔ ነው። በማግስቱ ተረኛ ስለነበርኩ የሴቲንግ ወረቀቱን አወጣሁ። ፈጣኑ ክፍል 40 አምፔር ላይ ነው። በቀድሞው 200/5 ይህ 1600 አምፔር ነው፤ 2000 ሲመጣ ያለ ምንም መዘግየት ይቆርጥ ነበር። በአዲሱ 400/5 ደግሞ 3200 ሆኗል። ስለዚህ ያ ፎልት ድሮ ቢመጣ ኩርባው ጋር ሳይደርስ ይቆረጥ ነበር፤ የእኔ 0.3 እና 0.43 ንጽጽር ትርጉም ያገኘው ፈጣኑ ክፍል ስለታወረ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻዬን ስፈልግ የጉዳዩን ግማሽ ነበር ያገኘሁት። ቀሪውን ግማሽ ያገኘሁት በ6ኛው ሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከልብ አመስግኜዋለሁ።

መልስ 20። የፕሮቴክሽኗ እህት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይኼው ተሰጠ አለች። የጣቢያው ስም ሳይነሳ ይህንኑ ወረቀት ይዘን ብንገናኝ ሳይሻል አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሴቲንግ በአደባባይ መለጠፍ ለደኅንነት ጥሩ እንዳልሆነም አጥብቃ አስጠነቀቀች፤ ከዚህ በኋላ በክሩ ላይ ቁጥር አልጽፍም።

መልስ 21። መምህሩ በዚህ ደስ አለው። ከእውነተኛ ጉዳይ የተነሣ የስምንት ሳምንት ማስታወሻ ካዘጋጀን፣ ለክፍሉ የሚያቀርበውን ሥርዓተ ትምህርት ከዚያ እንደሚጽፈው ቃል ገባ። ክሬዲትና መደብ ገና ሩቅ ናቸው፣ ለዚያ 2ኛው ሰው የመደብ ጥያቄውን ማርቀቅ ላይ እንዲያግዘን ጠየቀው፤ እሱም እሺ ብሏል።

መልስ 22። ጋሼ አቃቂ ያለውን ግቢያቸውን ሰጡን። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት። የባቡሩ መሐንዲስ የሰበታውን ልጅ በመንገዱ አንሥቶት ይመጣል። 4ኛዋ ልጅ፣ ያ ሲኦሲ ነው ወይ ያለችው፣ እሷም መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ቀድሞ የተቆጣት ሰው ይቅርታ ጠይቋት ከገላን አብረው እንዲሳፈሩ ነገራት። እኔ ወረቀቱን፣ የፕሮቴክሽኗ እህት ላፕቶፕ ይዘን እንመጣለን። ጋሼ ግን የመጀመሪያውን ቀን ኩርባዎቹን በእጅ እንድንስል ይፈልጋሉ። ሎግ-ሎግ ወረቀት ፍለጋ ፒያሳ እንዳትደክሙ፣ ከቆቃ ጊዜ ጀምሮ ያስቀመጥኩት አንድ ጥቅል አለኝ ብለዋል።